የሽመል ስንጥር ማማ

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ለወላጆች ማስታወቂያ ላከ። «ለሳይንስ ፕሮጀክት እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ፓኬት ስቴኪኒና ኮላ ይዞ እንዲመጣ» ይላል። ልጄ ወረቀቱን አንብባ «ደግሞ የጥርስ መጎርጎሪያ ምን ሊያደርግላቸው ነው?» ብላ ስታጉረመርም እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ደም ግፊቴ የሚጠይቀኝ እንጂ ስለ ማስተማር የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ያን ቀን ግን ሳልጠየቅ ብዙ አወራሁ፤ ልጄ ሰልችቷት ወደ ጓዳ እስክትገባ ድረስ።

የወላጆች ቀን ሲደርስ የሄድኩት እኔ ነኝ። በየጠረጴዛው ላይ ድልድዩም ሕንፃውም ተደርድሯል። ግማሹን የሠሩት አባቶች እንደሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል፤ አንደኛው እንዲያውም ልጁ እንዳይነካበት ክንዱን አጥር አድርጎ ቆሟል። እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስዞር ወጣቷ መምህርት አይታኝ «እማማ፣ ወገብዎን ያምዎታል እንዴ? ወንበር ላምጣልዎ?» አለችኝ። «ኧረ አያመኝም። የልጅ ሥራ ሲታይ እጅ ወደ ኋላ ነው ብለው ያስለመዱኝ ሰው ነበሩ» አልኳት። ይግባት አይግባት አላውቅም፤ ፈገግ ብላ ወደ ሌሎቹ እንግዶች ሄደች። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ የመጀመሪያ ምድቤ መተማ ሆነ። እናቴ ምደባውን ስትሰማ ለወባ የተዳርኩ ይመስል ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤት እየጠራች አለቀሰች። አክስቶቼ ደግሞ «እዚያ የሚወርደው ወይ ነጋዴ ነው ወይ ሰሊጥ አጫጅ ነው፤ ሴት ልጅ ምን ልትሆን?» አሉ። እልኸኛ ነኝ፤ እንዲያ ባይሉኝ ኖሮ ምናልባት የሚያስቀረኝ አማላጅ እፈልግ ነበር። በሰሊጥ መኪና ጋቢና ተቀምጬ ወረድኩ። ሸሕዲን ስናልፍ በምደባ ወረቀቴ ሳራግብ ያየኝ ሾፌር «እስካሁን ያየሽው ሙቀት አይደለም» አለኝ፤ እውነቱን ነበር።

ትምህርት ቤቱ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው ጥቂት ክፍሎች ነበሩት። ለእኔ የተሰጠኝ ስድስተኛ ክፍል ግን ክፍል አልነበረውም። የሚማረው በራኩባ ነው። ራኩባ ከሱዳኖቹ የተወሰደ ቃል ነው፤ እንጨት ተተክሎ ሣር የለበሰ ጥላ ነው፣ ግድግዳ የለውም። በበጋ ፍየል ከነግልገሏ መጥታ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ትተኛለች፤ ነፋስ ሲነሳ የደብተሩ ቅጠል ሁሉ ወደ ሱዳን ይበራል። ይኸ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው ሰኔ ነበር። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና የሚደርሰው ዝናቡ ሲገባ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ ልጆቼ የፈተና ወረቀታቸውን ከሸሚዛቸው ሥር እየደበቁ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል እያወጡ ሲጽፉ አየሁ። ቀለሙ ፈሶባቸው የማይነበብ ወረቀት የመለሱት ወድቀው ደገሙ። ጎበዝ ልጆች ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለስድስተኛ ክፍል ጣሪያ ከማግኘት ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረም።

ዲሬክተራችን አቶ ውብነህ ስለዚሁ ጣሪያ በየዓመቱ ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ በየዓመቱም በጀት የለም የሚል መልስ ይመጣል። ቀጭን፣ ረጅም፣ በዚያ ሙቀት ካኪ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ኪሳቸው ውስጥ የማሽላ ቆሎ አይጠፋም። ሲናደዱ አይጮኹም፤ ቆሎ ይቆረጥማሉ። እኛ መምህራን የዕለቱን አየር የምናውቀው ከጥርሳቸው ድምፅ ነበር።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው የልጅ ሥራ ሲያዩ እጃቸውን ወደ ኋላ ማጣመራቸው ነው። አዲስ በነበርኩ ጊዜ የአንድ ልጅ እርሳስ ተቀብዬ ሥዕሉን ሳቃናለት አዩኝና ቢሯቸው ጠሩኝ።

«አልማዝ፣ አንቺ ስታቃኚለት ልጁ ምን ያደርግ ነበር?»

«ያየኝ ነበር።»

«እኮ» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ሁለተኛው ልማዳቸው አንድ ነገር ሲወድቅ ወይም ሲሰበር ከወደቀው ይልቅ ወደ ተረፈው መሄዳቸው ነው። አንድ ጊዜ አውሎ ነፋስ የግቢያችንን አጥር ጣለ። ሁላችንም የወደቀውን ከበን ስናማርር እሳቸው እጃቸውን አጣምረው ሳይወድቅ የቀረችው ጥግ አጠገብ ቆመው «ይኸስ ለምን ቆመ?» አሉ። መጀመሪያ ላይ የሚያሾፉ መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ክረምት ጎንደር ለመምህራን ሥልጠና ተጠራን። አሠልጣኙ ለየቡድኑ አንድ አንድ ፓኬት ስቴኪኒና ኮላ አድሎ ክብደት የሚሸከም ነገር ሥሩ አለን። የእኔ ቡድን ሥራ ከሁሉ ቀድሞ ወደቀ፤ እልሄ ተነሳ። እዚያው ሳለሁ በመጪው ሰኔ የክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች በዚሁ ክብደት በሚሸከም የእጅ ሥራ እንደሚወዳደሩ፣ አንደኛ ለሚወጣው ትምህርት ቤትም ለአንድ ክፍል የሚበቃ ቆርቆሮ እንደሚሸለም ሰማሁ። ሌላው ሌላው ነገር ከዚያ በኋላ አልተሰማኝም።

መተማ ተመልሼ ስቴኪኒ ፍለጋ ወጣሁ። የተማሪዬ የአደም አባት ድንበሩ አፋፍ ላይ ሱቅ ነበራቸው፤ ከስኳር እስከ ሽቶ ከወዲያ ማዶ የሚመጣ ሁሉ ከእሳቸው ዘንድ ይገኛል። ስቴኪኒ ብላቸው ሳቁ።

«እትዬ፣ እዚህ አገር ሰው በእሾህ ነው የሚጎረጉር። እሾህ ከሆነ በነጻ ልሙላልሽ።»

በማግስቱ አደም በአባቱ ሱቅ በኩል ያመጣውን የሽመል ቁራጭ በምላጭ ሰንጥቆ፣ ከስቴኪኒ የማይለይ ቀጭን ስንጥር አድርጎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ሽመል፣ የቆላው ቀርከሃ፣ በአካባቢው ሞልቷል። እርሳስ በምላጭ የሚቀርጽ ልጅ ሽመልም መሰንጠቅ አያቅተውም፤ ብቻ የዚያን ሰሞን በክፍሌ ያልተቆረጠ ጣት አልነበረም። ለማያያዣ ኮላ የለም፣ የግራር ሙጫ ግን እንደ ልብ ነው። ችግሩ ሙጫው ይበላል። አንድ ጣሳ ሙጫ ሰብስቡ ስላቸው ግማሹ በየጉንጫቸው ተወሽቆ ይመጣል፤ ሥራው ላይም አንዴ ለእንጨቱ፣ አንዴ ለአፋቸው ነው።

የምንሠራው ድልድይ ይሁን ብላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ማማ ይሁን አሉ። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ ወፍ ይወርድበታል፤ በእርሻው መሀል ረጅም ማማ ይቆምና ልጅ ይወጣበታል፣ ጭቃ በወንጭፍ እየለቀቀ ወፍ ሲያባርር ይውላል። ከተማሪዎቼ ማማ ላይ ያላደገ አልነበረም። በጥቅምት ከክፍሌ ግማሹ የሚጠፋብኝም በዚሁ ነው፤ እኔም በየዓመቱ ስበሳጭ እከርማለሁ። ቢሆንም ማማ ይሁን አልኩ።

ደንቡ ቀላል ነበር። ለየቡድኑ አንድ ጭብጥ ስንጥር፣ ርዝመቱ ከሌባ ጣት የማይበልጥ። ማማው ክንድ ያህል ይቁም። አናቱ ላይ የቆርቆሮ ኩባያ ይቀመጥና ማሽላ በትንሽ በትንሹ ይጨመርበታል፤ ብዙ የተሸከመ አሸናፊ ነው። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍልን የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የማስተምረው እኔ ስለነበርኩ ሁለቱን ክፍል አፎካከርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንፈትን ሁሉም አራት ቋሚ አቁመው አግድሙን እየደረደሩ ነበር የሠሩት። ኩባያው ሲቀመጥ ወደ ጎን ተጋደሙ፤ አንዱ ከአንዱ ተከታትሎ ወደቀ። ከአምስተኛ ክፍሏ ከይታይሽ በቀር።

ይታይሽ የገበሬ ልጅ ነች፤ መለሎ፣ ካልጠየቋት የማትናገር፣ ስትጠየቅ ደግሞ ይኸን እንዴት አጡት በሚል ዓይን የምትመልስ። ልጆቹ በወደቁት ላይ ሲንጫጩ አቶ ውብነህ ከየት መጡ ሳይባል መጡና የእሷ ማማ ፊት ቆመው «ይኸስ ለምን ቆመ?» አሉ።

«ስንጥር ተርፎኝ ነው» አለች ይታይሽ። «ከሚጣል ብዬ በሰያፍ አስገባሁበት።»

ልጆቹ ከበቡት። አደም በጣቱ ገፋ አደረገው፣ አልተነቃነቀም። ሰያፏን ስንጥር አወጣና ገፋው፣ ተንጋደደ። መለሳትና ገፋው። እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ማዕዘን ሥዬ ስንት ጊዜ ልነግራቸው አስቤ የነበረውን ነገር በጣታቸው ሲያውቁት አፌን ይዤ ቆሜ አየሁ። በሕይወቴ ካስተማርኩት ትምህርት ሁሉ ያቺ አንድም ቃል ያልተናገርኩባት ሰዓት ትበልጥብኛለች።

ሰኔ ላይ የይታይሽንና የአደምን ማማ ይዘን ለውድድሩ ወጣን። ዕቅዴ ግልጽ ነበር፤ አንደኛ ወጥተን ቆርቆሮው ከመጣ እነሱ በሚቀጥለው ዓመት ስድስተኛ ክፍልን በጣሪያ ሥር ይፈተናሉ። ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ። ማማውን በሳሙና ካርቶን ውስጥ በጥጥ ሸጉጠን አደም ጭኑ ላይ ይዞት ተቀመጠ፤ አቶ ውብነህም አብረውን ነበሩ። ኬላ ላይ ፈታሹ ወታደር ካርቶኑን ከፍቶ ፊቱ ተለወጠ።

«ይኸ ምንድን ነው? የሬዲዮ ነገር ነው?»

ጊዜው እንዲያ ያለ ጥያቄ የሚቀለድበት አልነበረም። እኔ የድጋፍ ደብዳቤ ፍለጋ ቦርሳዬን ስበረብር ይታይሽ «የግሪሳ ማማ ነው» አለች።

ወታደሩ ጎንበስ ብሎ አየው። የጎጃም ሰው መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። «እውነትሽን ነው እኮ፤ የወፍ መጠበቂያ! መሰላሉ የታለ ታዲያ? ያለ መሰላል በምን ሊወጣ ነው ልጁ?» አለና ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው። መኪናው ሁሉ እኛን ሲጠብቅ ቆመ።

ጎንደር ደርሰን ማማውን በአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ አቆምነው። ካየኋቸው ሁሉ የእኛ ያምር ነበር። በዚያ ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ዳኞቹ ከመድረሳቸው በፊት ስናየው ማማው ትንሽ ዘመም ብሏል። ተራችን ሲደርስ ዳኛው ባዶውን ኩባያ አናቱ ላይ አስቀመጠ። ማማው አልተሰበረም፤ ቢሰበር ይሻለኝ ነበር። ሕዝብ እያየው፣ ቀስ ብሎ፣ ከጉልበቱ እየላላ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተኛ። አንዲት ፍሬ ማሽላ እንኳን አልተጨመረበትም።

«ቆለኞቹን በረዳቸው» ብሎ አንዱ ከኋላ አሾፈ፤ አዳራሹ ሳቀ። አደም ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ይታይሽ የተኛውን ማማ በጣቷ ነካችው፤ ሙጫው ከጣቷ ጋር ተጎተተ። በቆላው ሙቀት ድንጋይ የሆነው ሙጫ በደጋው እርጥበት ተመልሶ ለስልሷል። ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተችና «ለመብላት አሁን ነበር ደኅናው» አለች። ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም። በመልሱ ጉዞ ከአዘዞ እስከ ሸሕዲ የአቶ ውብነህ ቆሎ ብቻ ሲሰማ ነበር።

ያ ውድቀት በጣም አመመኝ። ኩራቴ ስለተነካ ብቻ አይደለም። ልጆቹ የሚቀጥለውን ሰኔ በዚያው ራኩባ እንደሚፈተኑ በዓይናቸው ላይ አነበብኩት፤ እነሱም አንድ ቀን አላነሱብኝም።

አዲሱ ዓመት ገባ። ይታይሽና አደም ስድስተኛ ክፍል ሆኑ። ጥቅምት ሲመጣ እንደ ልማዱ ክፍሌ ባዶ ቀረ። አንድ ቀን ብስጭቴ አላስቀምጥ አለኝና ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ማሽላው እርሻ ወረድኩ። ይታይሽ ማማዋ ላይ ናት፤ ወንጭፉ በእጇ ነው።

«ውረጂ» አልኳት።

«እትዬ፣ እኔ ብወርድ ግሪሳውም ይወርዳል። ባይሆን እርሰዎ ይውጡ።»

ምን ላድርግ፣ ጃንጥላዬን ጥዬ ወጣሁ። ለቁጣ የወጣች መምህርት እንጨት ላይ ተንጠልጥላ ልትቆጣ አትችልም። ነፋሱ ሲመጣ ማማው ሲጢጥ እያለ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል።

«ይኸ ነገር ሊወድቅ ነው እንዴ?»

«አምና የቆመ ማማ ነው። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲደበድበው ከርሞ ዛሬ በእርሰዎ ይወድቃል?»

«ታዲያ ለምን ቆመ?» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ የአቶ ውብነህ መሆኑ ትዝ አለኝ።

«ታስሯላ» አለች፤ በዚያ በለመድኩት ዓይኗ እያየችኝ። በእግሯ ጫፍ የቋሚውንና የሰያፉን መገናኛ መታ መታ አደረገች። ምስማር የለ፣ ሙጫ የለ፤ በግራር ልጥ ተጠፍሮ የታሰረ ነው።

«ይታይሽ፣ አምና ይኸን ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርሰዎ ሙጫ አሉና። ይኸ ደግሞ የቤት ነገር ነው፤ ለትምህርት ቤት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

እኔ ልጆቹን ከማማ አውርጄ ትምህርት ቤት ላስገባ ስታገል ነበር የኖርኩት። ትምህርቱን ወደ ማማው ማውጣት አልታሰበኝም። ወደ ማታ ተመልሼ ለአቶ ውብነህ ነገርኳቸው፤ ቆሎ አልቆረጠሙም። «ነገ ጥቁር ሰሌዳዋን ማን ይሸከማል?» ብቻ አሉኝ። በማግስቱ ክፍሉን በሙሉ ይዤ ወረድኩ። ወፍ በሚጠበቅባቸው በእነዚያ ሳምንታት ተራ በተራ አንዳንዱ ይወጣል፣ የቀረው ማማው ጥላ ሥር ይማራል። የቀበሌው ሊቀመንበር ምን እየተሠራ ነው ብሎ ሲመጣ አቶ ውብነህ «የእርሻ ትምህርት ነው፣ ጓድ» አሉት፤ ደስ ብሎት ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅምትን የቀሪ ልጅ ስም ሳልጽፍ ወጣሁ።

ከዚያ ሥራው መጣ። ልጡን በውኃ ዘፍዝፈው በምላጭና በጥርሳቸው እየሰነጠቁ ክር ያህል አቀጠኑት። እርጥቡን ሲያስሩት ሲደርቅ ይጠብቃል፤ ይህን ከቤታቸው ያውቁታል። እኔን የሚያስፈራኝ ጎንደር ነበር። ስለዚህ ጎንደርን እዚያው ሠራናት። ማማውን ውኃ የተነከረ ጆንያ አልብሰን አዳሩን መሬት ላይ እንተወዋለን፤ ልጆቹ «ዛሬ የማን ማማ ነው ጎንደር የገባው?» ይባባላሉ። መጀመሪያ ጎንደር ገብቶ የወጣው ማማ እስሩ ላልቶ ተገኘ። ልጡ እርጥበት ሲጠጣ ይለጠጣል። አደም ዙሪያውን ከመጠምጠም ይልቅ በመስቀለኛ አስሮ፣ በእንጨቶቹ መካከል ደግሞ አንዴ አሳልፎ አጠበቀው። ያኛው ጎንደር አድሮ ቢመለስም ኩባያውን ሙሉ ተሸከመ። በዚያ አሠራር ሁሉንም መገናኛ እንደገና ማሰር ነበረባቸው። ጣታቸው ቆሰለ፣ ተሰላቹ፣ ተጣሉ፤ አደም አንዴ ጥሎ ወጥቶ ተመለሰ። እኔ እጄን አጣምሬ ዞርኩ። ላግዝ ብዬ እጄ ስንቴ ሊፈታ እንደቃጣ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰኔ ደረሰ። ፈተናቸውን በራኩባው ወሰዱ፤ ዝናቡም እንደ ልማዱ መጣ። ወረቀታቸውን ከሸሚዛቸው ሥር እየደበቁ ጻፉ። እኔም ጃንጥላዬን አንዱ ላይ ስዘረጋ ሌላው እየረጠበብኝ በመሀላቸው ስሮጥ ዋልኩ። ይታይሽና አደም አለፉ፣ ያላለፉም ነበሩ። በሳምንቱ ጎንደር ወጣን።

ዝናቡ አሁንም አላሳፈረንም፤ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ማማው ቀጥ ብሎ ቆሟል። በዚያ ዓመት ከዳኞቹ አንዱ ከመንገድ ሥራ የተጋበዘ መሐንዲስ ነበር። ኩባያው ሞላ። መሐንዲሱ በኩባያው ላይ ሳንቃ አስቀምጦ የምስማር ፓኬት መደርደር ጀመረ። ማማው ሲጢጥ አለ። መሐንዲሱ እጁን ሰብስቦ ወደ እኔ ዞረና «ይበቃል፤ ይሰበርባችኋል» አለ።

እኔ ይብቃ ልል ነበር። ይታይሽ ቀደመችኝ። «ይጨምሩበት» አለች። «የት ላይ እንደሚሰበር እንድናይ ነው።»

ጨመረ። ጥቂት ቆይቶ ከታች አንዲት ሰያፍ ስንጥር ተሰበረችና ሁሉም ወረደ። መሐንዲሱ ስብርባሪውን አንስቶ መገናኛዎቹን አንድ በአንድ ጎተተ። አንድም እስር አልተፈታም። «በምንድን ነው ያያዛችሁት?» ብሎ ጠየቃት፤ እሷም ስለ ልጡ፣ ስለ ጆንያው፣ ስለ መስቀለኛው እስር ስትነግረው ቆይታ «ይኸን ደግሞ ያመጣው እሱ ነው» ብላ አደምን ጎትታ ከፊቱ አቆመችው። አንደኛ ወጣን። አቶ ውብነህ ቆሎ ከኪሳቸው አውጥተው ለልጆቹ አካፈሏቸው፤ እንዲህ ሲያደርጉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከመተማ በኋላ አብርሃ ጅራ ተዛወርኩ፣ ቀጥሎም ሸሕዲ። ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ የእጅ ሥራውን ሰዓት ለስብሰባ ሊወስዱብኝ የሞከሩ ነበሩ፣ ከእነሱ ጋር ስሟገት ስሜ ተሟጋቿ አልማዝ ሆኖ ቀረ። በሄድኩበት ሁሉ ማማ አሠርቻለሁ። ይታይሽ መሐንዲስ ሆነች ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ የሆነችው ነርስ ነው። የእሷ ፋሻ ግን አይላላም ይላሉ፤ አያስገርመኝም። አደም የአባቱን ሱቅ ይዟል፤ አሁን ስቴኪኒም ይሸጣል።

ወደዚያ ዓመት ልመለስ፤ የተሸለምነው ቆርቆሮ ወዲያው አልመጣም። ክረምቱ መንገዱን ዘጋ። ኅዳር ላይ ሰሊጥ ሊጭን ባዶውን የሚወርድ መኪና ጭኖልን መጣ። ከጋቢናው ማን ቢወርድ ጥሩ ነው? ይታይሽ። እኛ ዘንድ ሰባተኛ ክፍል ስላልነበረ ሸሕዲ ዘመድ ቤት ሆና ትማር ነበር፤ መኪናው ሲያልፍ ቆርቆሮውን አይታ ሾፌሩን ለምና ተሳፍራለች።

ወላጆች አስቀድመው ሽመልና ቋሚ አምጥተው አናጢ ሥራውን ጀምሯል። ቋሚው ተተክሏል፣ ማገሩ ተመትቷል፣ ቆርቆሮው ሊመታ ነው። ይታይሽ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞረችው። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ነበር፤ ማን እንዳስለመዳት ልጠይቃት አላስፈለገኝም።

«ሰያፍ የለውም» አለች።

አናጢው ከላይ ሆኖ ሳቀ። «ልጄ፣ ምስማር አለው እኮ።»

«እስቲ ይግፉት።»

ወረደ። ሊያስቃት ብሎ የማዕዘኑን ቋሚ በትከሻው ገፋ አደረገው። ቤቱ ሁሉ አብሮት ተንጋደደ። ከወላጆቹ አንዱ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ ላስረዳ አፌን ስከፍት አቶ ውብነህ የነጠላዬን ጫፍ ያዝ አደረጉት፤ ዘጋሁት። አናጢው መዶሻውን ከቀበቶው አወጣና ዝቅ ብሎ አያት።

«እሺ፤ የት የት ላይ ይግባ?»

አሳየችው። እሱ በምስማር መታ፤ ምስማሩ ሲያልቅ ደግሞ እሷና ከአባቱ ሱቅ የመጣው አደም በልጥ ጠፈሩት። ሲጨርሱ አቶ ውብነህ ወደ ማዕዘኑ ሄዱ። በዚያ ሁሉ ዓመት በልጅ ሥራ ላይ ሲያርፍ አይቼው የማላውቀውን እጃቸውን ከኋላቸው ፈቱና ቋሚውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በሙሉ ክብደታቸው ገፉት። ንቅንቅ አላለም።

«ይኸስ ለምን ቆመ?» አሏት።

«አስረነዋላ» አለች ይታይሽ፤ ልጡ ያቆሸሸውን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።

በሚቀጥለው ሰኔ ዝናቡ የመጣው በሒሳብ ፈተና መሀል ነበር። ቆርቆሮውን ሲደበድበው የገዛ ድምፄ አልሰማ አለኝ። ቀና ያለ ልጅ አልነበረም፤ ወረቀቱን ከሸሚዙ ሥር የደበቀም አልነበረም። ይታይሽና አደም በዚያ ጣሪያ ሥር አንድ ቀን አልተማሩም። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ በደረቁት ወረቀቶች መሀል ስዞር ዋልኩ።